የሞላ ኡቡንቱ ሳይሰበር እንዴት ይራገፋል

ባለፈው ሰኔ አንድ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከዝናብ ጋር እየተሽቀዳደመ ቤቴ መጣ። ፀጉሩ በስብሷል፤ ላፕቶፑ ግን ጠብታ አልነካውም። «ጋሼ፣ ፓስወርዴን በትክክል አስገባለሁ። ስክሪኑ ጥቁር ይልና መልሶ ያንኑ ፓስወርድ ይጠይቀኛል» አለኝ። ፕሮጀክቱን የሚያስረክበው በማግስቱ ነበር።

ፓስወርዱ ምንም አልሆነም። የሞላው ዲስኩ ነው። ኡቡንቱ፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የሊኑክስ ሲስተም፣ ወደ ዴስክቶፕ ሲያስገባችሁ ትንንሽ ፋይሎችን ይጽፋል። የሚጽፍበት ቦታ ካጣ መልሶ በር ላይ ያቆማችኋል። ልጁ ዊንዶውስን ሳያጠፋ ለኡቡንቱ 30 ጊጋባይት ብቻ ቆርሶ ነበር የሰጠው። ብዙ ተማሪ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ ለመጀመሪያው ሴሚስተርም ይበቃል። ከዚያ ለአንዱ ኮርስ አንድ ሶፍትዌር ይጫናል፣ ለሌላው ሌላ። ኮርሱ ያልቃል፣ ሶፍትዌሩ እዚያው ይቀራል።

ያን ምሽት ከልጁ ጋር የሠራነውን፣ ከዚያም ወዲህ ለራሴ ማሽን የማደርገውን በቅደም ተከተል እጽፍላችኋለሁ። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ኮምፒውተሩ «ላጥፋ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ከጥያቄው በላይ ያወጣውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ስም ድረስ አንብቡ። እኔ አንድ ቀን ሳላነብ ቀርቼ የደረሰብኝን ከታች እነግራችኋለሁ።

ስለ ቃላቱና ስለ ትእዛዞቹ

ፓኬጅ ስል የኢንተርኔት ፓኬጅ ማለቴ አይደለም። ኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ያ ጥቅል ፓኬጅ ይባላል። አንድ ፓኬጅ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ቪዲዮ ማጫወቻ ስትጭኑ ድምፁን የሚያነብ፣ ምስሉን የሚፈታ፣ ከስር የሚወጣውን ጽሑፍ የሚያሳይ ሌላ ፓኬጅ አብሮ ይገባል። እኔ እነዚህን አጃቢዎች እላቸዋለሁ። ሙሽራው እናንተ የፈለጋችሁት ፕሮግራም ነው፤ አጃቢዎቹ እሱን ተከትለው የመጡ ናቸው። ችግሩ ሙሽራውን ስታሰናብቱት አጃቢዎቹ እዚያው ድንኳን ውስጥ መቅረታቸው ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው አፕት የሚባል ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ አፕትን ያገኘው ዴቢያን ከሚባል ሌላ የሊኑክስ ሲስተም ነው። ዴቢያን በ1993 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ኡቡንቱ ደግሞ በእሱ ላይ ተመሥርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። ስለዚህ እዚህ የምላችሁ አብዛኛው ነገር ለዴቢያንም ለሊኑክስ ሚንትም ይሠራል።

ትእዛዞቹን በፊደላችን እየጻፍኩ ነው የማሳያችሁ። ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ነው የሚገቡት። አጻጻፋቸው ከተምታታባችሁ «አፕት» ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉትን ትእዛዞች ከነትርጉማቸው ይዘረዝርላችኋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ጽፋችሁ የታብ ቁልፍን ሁለቴ ብትነኩም የቀረውን ያሟላል ወይም አማራጮቹን ያወጣል። ተርሚናል የሚከፈተው ኮንትሮል፣ አልትና የቲ ቁልፍን አንድ ላይ በመጫን ነው።

በመጀመሪያ የሞላው የት እንደሆነ እዩ

ሰው ዲስኩ ሲሞላበት ያገኘውን ሁሉ ማጥፋት ይጀምራል። ቆዩ። ኡቡንቱ ላይ «ዲስክ ዩሴጅ አናላይዘር» የሚባል ፕሮግራም አለ። ክፈቱትና ዲስኩን እንዲቆጥር አድርጉ። ማን ምን ያህል እንደያዘ በቀለም ከፋፍሎ ያሳያችኋል።

ሦስት ፎልደሮችን ተመልከቱ። «ሆም» የእናንተ ነው፤ ፊልም፣ ፎቶ፣ የትምህርት ፋይል። እዚያ ውስጥ 15 ጊጋባይት ተከታታይ ድራማ ተቀምጦ ከሆነ ይህ መመሪያ ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ አሻግሩት። ትራሹንም ባዶ አድርጉ፤ ዲሊት ያደረጋችሁት ነገር ሁሉ እዚያ ነው የተኛው። «ዩ ኤስ አር» የተባለው የተጫኑት ፓኬጆች ቤት ነው። «ቫር» ደግሞ የወረዱ ጥቅሎች፣ ስናፕ የሚባሉ ሌላ ዓይነት ጥቅሎችና የሲስተሙ መዝገቦች የሚከማቹበት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ካበጠ ቀጥሉ።

በተርሚናል ማየት ለሚፈልግ ትእዛዙ ዲ እና ኤፍ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ሰረዝና ኤች ነው። ከሚወጡት መስመሮች መጨረሻው ላይ / ብቻ ያለበትን ፈልጉ። ከ90 በመቶ በላይ ካሳየ ጊዜው ደርሷል።

ከመንካታችሁ በፊት

ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው። ፓኬጅ እየተነሳ ባለበት መሃል መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቢዘጋ፣ አንዳንድ ፓኬጆች ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ ተሰክቶ ይቀራሉ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ያላችሁ፣ መብራቱ ሲወጣና ሲገባ በዋለበት ቀን አትጀምሩት። የማይቀር ሆኖ ከተቋረጠባችሁ መፍትሔው «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ነው። «ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኪድ ማለት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቃል አራት ፊደል ብቻ ነው፤ ዲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጂ። እሱ የተቋረጠውን ከቆመበት ይጨርሳል። ከዚያ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ብትሉ የጎደለ አጃቢ ካለ ያሟላል።

ሁለተኛው ዝግጅት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «አፕት-ማርክ ሾውማኑዋል» የሚለው ትእዛዝ በማሽኑ ላይ አውቃችሁ እንደጫናችሁት የተመዘገበውን ሁሉ ይዘረዝራል። ከኋላው የ > ምልክትና የፋይል ስም ጨምሩበት፤ ዝርዝሩ ፋይል ውስጥ ይገባል። የፋይሉን ስም በአማርኛ ብትጽፉትም ኡቡንቱ ይቀበላል። ያን ፋይል ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ወይም ኡቡንቱን እንደገና ብትጭኑ፣ ምን ምን እንደነበራችሁ ለማስታወስ ጣራ ጣራ ማየት አይኖርባችሁም።

የቀሩትን አጃቢዎች ማሰናበት

አፕት ስለ እያንዳንዱ ፓኬጅ አንድ ነገር ይመዘግባል፤ እናንተ ፈልጋችሁ ነው የጫናችሁት ወይስ ሌላውን ተከትሎ ነው የመጣው? የመጀመሪያው «ማኑዋል» ተብሎ ይያዛል፣ ሁለተኛው «አውቶ»። «አውቶ» ከተባሉት መካከል አሁን ማንም የማይፈልጋቸው ካሉ፣ አፕት ያውቃቸዋል። «አውቶሪሙቭ» የሚያነሳው እነሱን ነው።

መጀመሪያ በልምምድ አስኪዱት።

«አፕት አውቶሪሙቭ --ድራይ-ረን»

ይህ ምንም አያጠፋም። ሱዶም አያስፈልገውም። ቢታዘዝ ምን እንደሚያጠፋ ብቻ ይነግራችኋል። ስሞቹን አንብቡ። አብዛኞቹ «ሊብ» ብለው የሚጀምሩ፣ ከጀርባቸው ቁጥር የተደረደረባቸው ይሆናሉ፤ እነዚህ ባለቤት ያጡ አጃቢዎች ናቸው። «ሊኑክስ-ኢሜጅ» እና «ሊኑክስ-ሄደርስ» የሚሉም ይኖራሉ፤ የድሮ ከርነሎች ናቸው፣ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ስም ከሌለበት እውነተኛውን ስጡት።

«ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ»

የመጨረሻዋ ቃል አምስት ፊደል ናት፤ ፒ፣ ዩ፣ አር፣ ጂ፣ ኢ። ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን የሲስተም ማስተካከያ ፋይሎቹንም አብረህ አንሳ ማለት ነው። ምን ያህል ቦታ እንደሚለቀቅ ይነግራችሁና ይጠይቃችኋል። ዋይ ብላችሁ ኢንተር።

አንዳንዴ ዝርዝሩ ውስጥ በየቀኑ የምትከፍቱት ፕሮግራም ይገኛል። አትደንግጡ፤ ግን አትለፉትም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በውስጣቸው ምንም የሌለ፣ ሌሎችን አንድ ላይ ለማሰር ብቻ የተሠሩ ፓኬጆች አሉ። የዴስክቶፑ ፕሮግራሞች በእንዲህ ዓይነት ማሰሪያ ተይዘው ነው የሚገቡት። ከታሰሩት አንዱን፣ ምናልባት የማትፈልጉትን ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ስታጠፉ ማሰሪያውም አብሮ ይነሳል። ማሰሪያው ሲነሳ የቀሩት ሁሉ ባለቤት አልባ መስለው ይታያሉ። ልክ ነዶ የታሰረበት ገመድ ሲፈታ እንደሚሆነው። በዚህ ጊዜ «ሱዶ አፕት-ማርክ ማኑዋል» ብላችሁ የምትፈልጉትን ፕሮግራም ስም ጨምሩ። ከዚያ በኋላ አፕት ያን ፕሮግራም የእናንተ ምርጫ ብሎ ይይዘዋል፤ አይነካውም።

በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ይህ እርምጃ ብቻውን በር ከፈተልን። ከሁለት ዓመት በላይ አንድ ቀን እንኳ «አውቶሪሙቭ» ያልተባለ ማሽን ነበር።

ትልልቆቹን በስማቸው መፈለግ

ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተን ውሳኔ ይፈልጋል። አፕት የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ ሥራ ሲናፕቲክ የሚባለውን ፕሮግራም የሚያህል የለም። መልኩ ያረጀ ነው፤ ግን እውነቱን ሳይሸፋፍን ያሳያል። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሲናፕቲክ» ብላችሁ ጫኑት፤ ፊደሎቹ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ኤ፣ ፒ፣ ቲ፣ አይ፣ ሲ ናቸው።

ስትከፍቱት በግራ በኩል ከታች «ስታተስ» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ንኩና ከላይ «ኢንስቶልድ» የሚለውን ምረጡ። አሁን ማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ ተደረደረ። መጠን የሚያሳየውን ዓምድ ርእስ ትልቁ ከላይ እስኪሆን ንኩት። ዓምዱ ከሌለ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕሪፈረንስስ» ገብታችሁ ዓምዶች በሚለው ገጽ ላይ ምልክት አድርጉበት።

አሁን ዝርዝሩን ቀስ ብላችሁ ውረዱ። የምታገኟቸውን ልንገራችሁ።

ተማሪ ቤት በብዛት የማየው ቴክስላይቭ የሚባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ብሎ አንዱ «ቴክስላይቭ-ፉል» ጫን ይለዋል። ሙሉው ጥቅል በርካታ ጊጋባይት ነው። ለብዙ ሰው ግን መሠረታዊው ቴክስላይቭና አንድ ሁለት ተጨማሪ ይበቃሉ። ባትደፍሩ እንኳ ስማቸው በ«-ዶክ» የሚያልቁትን አንሱ። እነሱ የማንበቢያ መመሪያዎች ናቸው፤ ፕሮግራሙ ያለ እነሱ ይሠራል።

ሁለት ሦስት ዓይነት ጃቫም የተለመደ ነው። አንዱ ለኮርስ፣ ሌላው ለአንድ ፕሮግራም ተብሎ የተጫነ። የትኛው ሥራ ላይ እንዳለ «ጃቫ -ቨርዥን» ብላችሁ እዩ፤ ሌላኛውን የሚጠይቅ ፕሮግራም ከሌላችሁ ይሂድ። በ«-ዴቭ» የሚያልቁት ደግሞ ከኮድ ላይ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልጉ ናቸው። ፕሮግራሚንግ የማትሠሩ ከሆነ ማንሳት ይቻላል፤ የምትሠሩ ከሆነ ግን ተዉአቸው፣ የሚያተርፉት ቦታ ለራስ ምታቱ አይመጥንም።

ለማንሳት ፓኬጁን በቀኝ ንኩና «ማርክ ፎር ኮምፕሊት ሪሙቫል» በሉ። ሲናፕቲክ ሌሎች አብረው የሚነሱ ካሉ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ይነግራችኋል። ይህን መስኮት ሳታነቡ አትዝጉት። «አፕላይ» እስክትሉ ድረስ ምንም አልጠፋም።

የማይነኩ

በመጠን ስትደረድሩ ከላይኞቹ መካከል «ሊኑክስ-ፈርምዌር» ይታያችኋል። ስሙን የማያውቅ ሰው እጁ ይበላዋል። የዋይፋያችሁን፣ የብሉቱዛችሁንና የግራፊክስ ካርዳችሁን የሚያነቃው እሱ ነው። ካጠፋችሁት ማሽኑ ሲነሳ ዋይፋይ ላይኖር ይችላል፤ ያለ ዋይፋይ ደግሞ መልሶ መጫን መከራ ነው። «ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራም» እንዲሁ።

በ«ሊብ» የሚጀምሩትን በእጃችሁ አትልቀሙ። የአውቶሪሙቭ ሥራ ነው።

ፓይተን 3ን በፍጹም። የራሴ ታሪክ ይኸው። ከዓመታት በፊት ማሽኔ ላይ ፓይተን 2ም ፓይተን 3ም ነበሩ። አንዱ ይበቃል አልኩ። የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ቁጥሩን ግን 3 ብዬ። ረጅም ዝርዝር ስክሪኑን ሞልቶ ወደ ላይ ሄደ። ዓይኔ የደረሰው የመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ዋይ ብዬ ቡና ልቀዳ ተነሳሁ። ስመለስ ዴስክቶፑ እየፈረሰ ነበር። ተርሚናሉ ራሱ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። የኡቡንቱ ብዙ የራሱ መሣሪያዎች፣ ማዘመኛውም ጭምር፣ በፓይተን የተጻፉ ናቸው። መሠረቱ ሲነሳ ከላዩ ያለው ተከተለ።

መልሼ አነሳሁት። ተመሳሳይ ነገር ከደረሰባችሁ እንዲህ አድርጉ። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር ስክሪን ላይ ስማችሁንና ፓስወርዳችሁን ይጠይቃል። ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ከስልኩ ሴቲንግ ኢንተርኔት ማጋራትን ክፈቱ። ከዚያ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ»። ሌላ የጠፋ ነገር ካለ አፕት ያደረገውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ አለ፤ «/ቫር/ሎግ/አፕት» ውስጥ «ሂስትሪ.ሎግ» የሚባል ፋይል። ቀኑና ሰዓቱ፣ የሰጣችሁት ትእዛዝ፣ የተነሱት ፓኬጆች ሁሉ በስማቸው ተጽፈዋል። እኔን ያዳነኝ ያ ፋይል ነው። ያም ሆኖ የወሩ ዳታዬ በዚያች ሌሊት አለቀ።

አንድ ደግሞ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎቹን ብቻ የሚነካ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ «አይባስ» የሚል ስም ታገኛላችሁ፤ አጠገቡ ደግሞ ኤም ብሎ፣ 17 ብሎ፣ ኤን የሚል እንግዳ ስም። ምንም አይመስሉም። ግን በእንግሊዝኛ ቁልፍ «ሰ» እና «ላም» እያላችሁ አማርኛ የምትጽፉት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ነው። «ፎንትስ» ብለው ከሚጀምሩት ውስጥም እንዲሁ ተጠንቀቁ። የታይ፣ የክመርና የሌሎች ቋንቋዎች ፊደላትን የማታነቡ ከሆነ ማንሳት ትችላላችሁ። «አቢሲኒካ» የሚለውንና «ኖቶ» የሚሉትን ግን ተዉ። የግእዝ ፊደል የያዘው ፎንት ከጠፋ አማርኛ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ከፊደል ይልቅ ሳጥን ሳጥን ነው የምታዩት። ይህ ከተማ ውስጥ ቫይረስ ገባብኝ ብሎ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ፎርማት ያስደረገ ሰው አውቃለሁ። የጎደለው አንድ የፎንት ፓኬጅ ነበር።

ዳታቤዝ ያላችሁ እዚህ ቁሙ

«ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያነሳል፣ የሲስተም ማስተካከያ ፋይሎቹን ይተዋል። «ፐርጅ» ሁለቱንም። የተረፉትን ፋይሎች ለማየት ሲናፕቲክ ላይ «ስታተስ» ውስጥ «ሬዚጁዋል ኮንፊግ» የሚለውን ምረጡ። የሚይዙት ቦታ ኢምንት ነው። ለንጽሕና ካልሆነ በቀር ቢቀሩም ግድ የለም።

ግን ማይ ኤስኪውኤልን ወይም ፖስትግሬስን ፐርጅ ስታደርጉ ዳታቤዙ ራሱ፣ ማለትም ያስገባችሁት መረጃ ሁሉ፣ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። መሃል ላይ ጥያቄ ይመጣል፤ ሰው ደግሞ ጥያቄ በተደጋገመ ቁጥር እሺ ማለት ይቀናዋል። የያን ተማሪ ፕሮጀክት ዳታቤዝ ፐርጅ አላደረግነውም። መጀመሪያ ኮፒ አውጥተን ፍላሽ ላይ አስቀመጥን፤ ከዚያ እሱን ትተን ሌላውን ነካካን።

የወረዱ ጥቅሎች፤ ከማጥፋት በፊት አስቡበት

አፕት ፓኬጅ ሲያወርድ «/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ያስቀምጠዋል። «አፕት» በሚለው አጭሩ ትእዛዝ ስትጭኑ ከጫነ በኋላ የወረደውን ራሱ ያጠፋል። በድሮው «አፕት-ጌት» ስትጭኑ ግን ይቀራል፤ ብዙ መመሪያዎች አሁንም በእሱ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ በጊጋባይት የሚቆጠር ሊከማች ይችላል። «ሱዶ አፕት ክሊን» ሁሉንም ያጠፋል። «ሱዶ አፕት አውቶክሊን» ከኢንተርኔት ማከማቻው ላይ የጠፉትንና ዳግም ሊወርዱ የማይችሉትን ብቻ ያነሳል።

ሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ሁሉ ያለ ማመንታት ክሊን በሉ ይላሉ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። እነዚያ ፋይሎች በገንዘባችሁ ዳታ የወረዱ ናቸው። ጓደኛችሁ ነገ ያንኑ ፕሮግራም ሊጭን ነው እንበል። ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን መጨረሻቸው «.ዴብ» የሆኑ ፋይሎች ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ጓደኛችሁ የሚጠቀመው ኡቡንቱ ያው ቨርዥን ከሆነ፣ እዚያው ስሙ ወደሚመሳሰለው ፎልደር ይገልብጣቸው። ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ብሎ እንደ ወትሮው ሲጭን፣ ቨርዥናቸው የገጠመ ፋይሎችን አፕት ከፎልደሩ ያነሳቸዋል፤ የሚያወርደው የጎደለውን ብቻ ነው። ግቢ ዋይፋይ ላይ አንዱ ያወርዳል፣ ዶርም ሙሉ ይጭናል። ከገለበጣችሁ በኋላ ክሊን በሉ።

የድሮ ከርነሎች

ከርነል የሲስተሙ ልብ ነው። ኡቡንቱ ሲዘምን አዲስ ከርነል ያመጣና አሮጌውን ለመጠባበቂያ ያቆያል። አዲሱ አልነሳ ካለ ከአሮጌው እንድትገቡ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። አውቶሪሙቭ አሁን የምትሠሩበትንና የቅርቡን ትቶ የቀሩትን ያነሳል። እናንተ የምትጨምሩት ብዙ የለም። አሁን የምትጠቀሙት የትኛው እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ «ዩኔም -አር» በሉ፤ ቁጥሩን ያወጣል። ያን ቁጥር የያዘ ፓኬጅ በእጃችሁ አትንኩ።

ዲስካቸውን በፓስወርድ ያመሰጠሩ ሰዎች «ቡት» የሚባል ትንሽ ለብቻው የተቆረጠ ክፍል አላቸው። ዋናው ዲስክ ባዶ ሆኖ እንኳ እሱ ሊሞላ ይችላል። ያኔ ወደ ፎልደሩ ገብቶ ፋይሎቹን ዲሊት ማድረግ ያጓጓል። አታድርጉት። አፕት ፋይሎቹ እንዳሉ ነው የሚያስበው፤ በኋላ ዝማኔው ሁሉ ይጣረሳል። በአውቶሪሙቭ ብቻ።

ስናፖች

ከኡቡንቱ 21.10 ጀምሮ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ነው። ስናፕ አጃቢዎቹን በአንድ ከረጢት ይዞ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ጥቅል ነው፤ ስለዚህ ይከብዳል። አፕት አያየውም፤ አውቶሪሙቭም አይነካውም። በዚያ ላይ ሲዘምን የቀድሞውን ቨርዥን ያስቀምጣል።

«ስናፕ ሊስት --ኦል» በሉ። በመስመሩ መጨረሻ «ዲስኤብልድ» የሚል ያለባቸው የቀድሞዎቹ ናቸው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የእትም ቁጥራቸው አለ። «ሱዶ ስናፕ ሪሙቭ»፣ ከዚያ የፕሮግራሙ ስም፣ ከዚያ «--ሪቪዥን=» ብላችሁ ቁጥሩን አስከትሉ። አንድ በአንድ ነው፤ ትንሽ ያሰለቻል።

ሙሉ ስናፕ ስታጠፉ ደግሞ መረጃውን ለ31 ቀን ያቆይላችኋል። አጥፍቼው ቦታው ለምን አልተለቀቀም የሚሉ ሰዎች መልሳቸው እዚህ ጋ ነው። «ስናፕ ሴቭድ» ብትሉ የተቀመጠውን ያሳያል። እንደማትመለሱበት እርግጠኛ ከሆናችሁ ስታጠፉ «--ፐርጅ» ጨምሩ። «ኮር» ብለው በሚጀምሩት ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ የሚፈልጋቸው ስናፕ ካለ ሲስተሙ ራሱ አላጠፋም ይላል።

ፍላትፓክ የምትጠቀሙ «ፍላትፓክ አንኢንስቶል --አንዩዝድ» ይበቃችኋል።

ጨርሶ መግባት እምቢ ላለው

እንደ ተማሪው ከፓስወርድ ስክሪኑ ላይ ከተመለሳችሁ፣ በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 ወደ ጥቁሩ ስክሪን ግቡ። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ «ሱዶ አፕት ክሊን»፤ ይህ ለመሥራት ባዶ ቦታ አይፈልግም። ቀጥሎ የሲስተሙን መዝገብ ማሳጠር ነው፤ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ቫኩም-ሳይዝ=200ኤም»። ከሱዶ ቀጥሎ ያለው ቃል ጆርናል ብሎ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ነው፤ ተያይዞ ይጻፋል። ኤሟ እዚህ ጋ በትልቁ ትጻፍ። አሁን ትንሽ መተንፈሻ አግኝታችኋል፤ አውቶሪሙቭን ስጡት። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ በአውቶሪሙቭ ብትጀምሩ፣ ፓኬጅ ለማንሳትም መጻፊያ ቦታ ስለሚያስፈልግ መሃል ላይ ሊቆምባችሁ ይችላል።

ይህን በስንት ጊዜ ማድረግ ይገባል? ጣና ዳር ታንኳ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሐይቁ ሲወጣ ዳር ላይ ያቆሙትና ፀሐይ ያስመቱታል። ላፕቶፕ በየቀኑ ማድረቅ አይፈልግም፤ አውቶሪሙቭን በወር አንዴ፣ ትልልቆቹን በሲናፕቲክ መፈተሹን በሴሚስተር መጨረሻ፣ ኮርሱ ገና ከአእምሯችሁ ሳይጠፋ። ለየትኛው ኮርስ የቱን እንደጫናችሁ የምታስታውሱት ያኔ ነው።

ሁሉንም ስትጨርሱ ሪስታርት አድርጉ። ሲነሳ ዋይፋዩ መያዙን እዩ። ፋየርፎክስ ከፍታችሁ አንድ አማርኛ ገጽ አንብቡ፤ ሳጥን የለም? ከዚያ የጽሑፍ ፕሮግራም ክፈቱና ስማችሁን በአማርኛ ጻፉ። ልጁ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ የጻፈው የፕሮጀክቱን ርእስ ነበር፤ ላፕቶፑን በፌስታሉ መልሶ ጠቀለለና፣ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በእግሩ ሄደ።